የዝዋይ መስመር

ዘርፉ ገርባ ስልክ ቤት በሠራችበት ዘመን ከናዝሬት ወደ ሌላ ከተማ መደወል የፈለገ ሁሉ በእሷ እጅ ያልፍ ነበር። ከፊቷ የቆመው ሰሌዳ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ አንዱ ሞጆ፣ አንዱ ቆቃ፣ አንዱ መቂ፣ አንዱ ዝዋይ። ሰው ሲደውል ከቀዳዳው በላይ ያለችው ትንሽ ክዳን ቀጭ ብላ ትወድቃለች። ዘርፉ ገመዱን ትሰካለች፣ ማን እንደሚፈለግ ትጠይቃለች፣ ሌላውን ጫፍ ደግሞ ወደሚፈለገው ከተማ ትሰካለች።

ይህን ማንም ይለምደዋል። የሚከብደው ሁሉንም በአንድ ጊዜ መያዙ ነው። ብዙ ሰው በየገመዱ ላይ ሲያወራ የትኛው እንደጨረሰ፣ የትኛው እንደተቋረጠበት፣ የትኛው ዝም ብሎ ተራውን እንደሚጠብቅ በጭንቅላቷ መያዝ አለባት። የሞጆውን ቆዳ ነጋዴ ትታ ወደ ቆቃው ዓሣ ነጋዴ ትሄዳለች፤ የመስመሩን ማዳመጫ ቁልፍ ገፋ አድርጋ ስትመለስ የሞጆው ሰውዬ አሁንም ከሚስቱ ጋር እየተጨቃጨቀ ነው። እሷ ስለሄደች የሚቆም ነገር የለም። ማታ ቤቷ ገብታ እንኳን ድምፃቸው ከጆሮዋ አይወጣም።

በየመስመሩ ጫፍ እንደ እሷ ያለ ሠራተኛ አለ። ዝዋይ ያለው ወዬሳ ይባላል። ዓይን ለዓይን ተያይተው አያውቁም። ሁልጊዜ ጠዋት ግን ሥራ ሳይጀመር «አካም ቡልቴ፣ ዘርፌ?» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት እንዳደረች ይጠይቃታል። «ፈያዳ፣ አንተስ?» ትለዋለች። ሚስቱ ቶይባ ስትወልድ ከዘመዶቹ ቀድማ የሰማችው ዘርፉ ናት። የዘርፉ አባት ሲሞቱ ደግሞ ወዬሳ ከሥራ መሀል እየገባ «በርቺ እንጂ» እያለ ሰንብቷል።

ቀይ ሽብር የመጣ ጊዜ መስመሩ ላይ የሚወራው ወሬ ተለወጠ። ነጋዴው ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እናቶች የልጃቸውን ስም መጥራት ተዉ። ካድሬው ጓድ ሐዲስ ሲደውል ሌላው ሁሉ ይቋረጥለታል፤ ትእዛዙ እንደዚያ ነው። ዘርፉ ገመዱን ሰክታ እስክታገናኘው ድረስ የሚናገረው ይሰማታል፤ የማን ቤት ሊከበብ እንደሆነ ከባለቤቱ ቀድማ ታውቃለች። ያወቀችውን ይዛ ዝም ትላለች፤ በነጋታው ያ ሰው ሲፈለግ «አያነሱም» ብላ ትመልሳለች።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ አስፋልቱ በሙቀት የሚላብበት ሰዓት፣ እማማ ቡዜ ከስልክ ቤት የተላከላቸውን የጥሪ ወረቀት ይዘው መጡ። ጎረቤቷ ናቸው። ልጃቸው ጆቴ አዳሚ ቱሉ እርሻ ላይ ይሠራል፤ ዝዋይ ወጥቶ ከስልክ ቤት ይደውልላቸዋል።

«ልጄ፣ መጣ?» አሏት።

«መስመር ላይ ነው እማማ። የስልኩ ሳጥን ውስጥ ይግቡና ያንሱት።»

የእሳቸውን ገመድ እንደሰካች የጓድ ሐዲስ ክዳን ወደቀች።

«ዝዋይ ፖሊስ ጣቢያ! ቶሎ!» አላት። ከዚያ አፉን ከስልኩ ሳያርቅ አጠገቡ ላለው ሰው፣ «ጆቴ የሚባለው ነው፣ የእርሻው ልጅ። ዛሬ ከተማ ወጥቷል፤ አውቶቡስ ተራ ሳይደርስ ይያዛል» አለው።

ዝዋይ የሚሄደው መስመር አንድ ብቻ ነበር። ያንን መስመር በዚያ ሰዓት የያዘው ራሱ ጆቴ ነው።

ዘርፉ ያነሳችውን ገመድ መልሳ አስቀመጠች። ከዚያ በሥራ ድምፅዋ፣ «ጓድ፣ የዝዋይ መስመር ተበላሽቷል፤ እየሞከርኩ ነው» አለች።

«አሁኑኑ ሞክሪ!»

የእሱን ቁልፍ መለሰችና የእናትና ልጁን ገፋች። እማማ ቡዜ ገና «እንዴት ነህ፣ በልተሃል?» እያሉ ነው።

«ጆቴ» አለች በመሀል ገብታ። «ዘርፉ ነኝ፣ ጎረቤትህ። አንተን ለማስያዝ ወደ ፖሊስ ጣቢያ እየተደወለ ነው። ስልኩን አስቀምጥና ሂድ። አውቶቡስ ተራ እንዳትሄድ።»

ስልኩ ሲቀመጥ ተሰማት። እማማ ቡዜ ግን «ሄሎ! ሄሎ! ጆቴ!» ይላሉ ባዶ መስመር ላይ። ዘርፉም መስመሩ እንደተያዘ እንዲቆይ ተወቻቸው፤ ገመዱን አልነቀለችም። ጓድ ሐዲስ ክዳኗን ደጋግሞ ይጥላል፤ እሷ «እየሞከርኩ ነው ጓድ» ትላለች። ልጁ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ዳር የሚደርስበትን ጊዜ በልቧ ገምታ፣ ከዚያም ላይ ጨምራ ከቆየች በኋላ ጓድ ሐዲስን ከፖሊስ ጣቢያው ጋር አገናኘችው።

ፖሊሶች ጆቴን አላገኙትም።

በማግስቱ ጓድ ሐዲስ ሽጉጡን ወገቡ ላይ ታጥቆ ስልክ ቤት መጣ። አልጮኸም። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና ሰሌዳውን እያየ፣

«ትናንት መስመሩ የተበላሸው የት ጋ ነው? እዚህ ነው፣ እዚያ?» አላት።

ከወዬሳ ጋር ጠዋት ተነጋግረው ነበር። የትናንቱን ግን እሷም አላነሳችበት፣ እሱም አልጠየቃት። እናቷ ትዝ አለቻት፤ በየመንገዱ የሚጣለው ሬሳ ትዝ አላት።

«እዚህ ደህና ነበር ጓድ» አለች።

ሰውየው አመስግኗት ወጣ። ቀጥሎ በነበረው ጠዋት ከዝዋይ የመጣው ድምፅ የማታውቀው ድምፅ ነበር፤ ሰላምታም አልሰጣት። «ወዬሳስ?» ብትለው «ሥራሽን ሥሪ» አላት።

ጥቂት ሳምንት እንዳለፈ ከመቂ ለጓድ ሐዲስ ተደወለ። ዘርፉ ቁልፉን መመለስ ሲገባት አልመለሰችም። «ያ የእርሻው ልጅ ተገኝቷል። እርምጃ ተወስዶበታል» አለ ደዋዩ፤ ስለ ዝናቡም አንድ ሁለት ነገር ጨመረ። በዚያው ሰዓት ቆቃ በዓሣ ዋጋ እየተስማማ ነው፣ ሞጆ እየሳቀ ነው። ዘርፉ አንዱንም ሳታቋርጥ እስከ ሥራ መውጫ ድረስ ገመድ ስትሰካና ስትነቅል ዋለች።

ለእማማ ቡዜ ራሷ ነገረቻቸው። ማልቀስ የተከለከለበት ጊዜ ስለነበር ሴትየዋ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጎርሰው ግድግዳ ዞረው ቆሙ። ዘርፉ ትከሻቸውን ልትይዝ እጇን ብትዘረጋ ገፉት፤ ቆይተው ደግሞ ራሳቸው ያዙት።

ወዬሳ ከእስር የተፈታው ከዓመታት በኋላ ነው። ዘርፉ የሰማችው ከአንድ ሾፌር ነው። ልሂድ አልሂድ እያለች ብዙ ጊዜ ካባከነች በኋላ አንድ እሑድ አውቶቡስ ተሳፍራ ዝዋይ ወረደች። ቤቱን ጠይቃ ስታገኘው የግቢውን በር የከፈተችላት ቶይባ ናት።

«የናዝሬቷ ዘርፉ ነኝ» አለቻት።

ቶይባ ለረጅም ጊዜ አየቻትና መንገዱን ለቀቀችላት።

ወዬሳ ደጅ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ከድምፁ ተነስታ ግዙፍ ሰው አድርጋ ነበር የሳለችው፤ ያየችው ግን ቀጭን፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ሰላም ስትለው አልሰማትም። ወደ ግራ ጆሮው እየጠቆመ «በዚህ በኩል» አላት። «የቀኙ እዚያ እስር ቤት ደንቁሮ ቀርቷል። ስልክ ቤትም የማልመለሰው ለዚህ ነው።»

አጠገቡ ቁጭ ብላ ማን እንደሆነች ነገረችው። ከዚያ፣ «ወዬሳ፣ ያን ጊዜ የጠየቁኝ ጊዜ...» ብላ ጀመረች፤ መጨረስ አቃታት።

«ሰምቼ ነበር» አላት። «ለልጁ ስትነግሪው መስመር ላይ ነበርኩ። ሲወጣ በመስኮት አየሁት፤ አልሮጠም፣ ቀስ ብሎ ነው የሄደው። እኔን ሲጠይቁኝ ገመዱ እኔ ጋ ነው የተበላሸው አልኳቸው። አንቺን ብጠራ ኖሮ ሁለታችንንም ይወስዱን ነበር።»

ዘርፉ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። ቶይባ የቤቱ በር ላይ ቆማ ታያቸዋለች።

ወዬሳ ጎንበስ ብሎ ደህነኛውን ጆሮውን አስጠጋላት።

«ይልቅ ይህን ንገሪኝ» አለ። «እዚያ ሆኜ ሌት ተቀን የማስበው እሱን ነበር። ልጁስ? ዳነ?»

ዘርፉ እጇን ከፊቷ አነሳች።

«ዳነ» አለችው። «ኬንያ ገባ ይላሉ።»

ወዬሳ ራሱን ነቀነቀ። ወደ ቶይባ ዞሮም በኦሮምኛ ልጁ መዳኑን ነገራት። ቶይባ ዓይኗን ከዘርፉ ላይ ሳታነሳ ቆየችና፣ ወደ ውስጥ ገብታ ለእንግዳዋ ውሃ አመጣችላት።