በዓርብ ያጠቀስሁት ሾርባ

«ልጄ ዋሽታኝ አታውቅም» ብዬ በማኅበር ላይ የተናገርሁ ሰው ነኝ። ከተማ ገብታም ጾሟን አልሻረችም እያልሁ የጎረቤት ልጆችን ስገሥጽባት ኖሬአለሁ። ስለዚህ አዲስ አበባ ልጠይቃት ሄጄ የሆነውን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

ዕለቱ ዓርብ ነበር። እንደ ልማዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀመስሁም። ከሥራ ስትወጣ የጃፓን ምግብ ቤት ወሰደችኝ። በሩ ላይ ቆሜ «ጾም ነው?» አልኋት።

«ጾም ነው አባዬ፤ የፓስታ ዓይነት ነው። ይግቡ።»

ለየራሳችን ሁለት ሁለት ሳህን መጣ። በአንዱ ታጥቦ የቀዘቀዘ ወፍራም ፓስታ፣ በሌላው ትኩስና ጠቆር ያለ ሾርባ። ሽሮ እንጀራ ላይ እንደሚፈስሰው ሾርባውን ፓስታው ላይ ልገለብጠው ስል እጄን ያዘችኝ።

«ኧረ አባዬ! ማጥቀስ ነው እንጂ!»

እየሳቀች በሁለቱ እንጨቶች አንድ ጉርሻ አነሣች፤ ሾርባው ውስጥ ነክራ አጎረሰችኝ። ጣፈጠኝ። ሹካ አስመጥቼ ራሴ አጠቅስ ጀመር።

«ቀስ ይበሉ፤ ማንም አይቀማዎትም።»

«ዝም በይ። ከሰኞ ጀምሮ ሽሮ ብቻ ያበላሽኝ አንቺ ነሽ።»

ፓስታው ቀዝቃዛ ስለሆነ በነከርሁት ቁጥር ሾርባው እየበረደ ሄደ። ሊያልቅ ሲል በሳህኑ ጠርዝ ላይ ነጭ ነገር ረጋ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የሚረጋ ዘይት ነው» አለች፤ ዓይኗን ግን ከሳህኑ አላነሣችም።

በጣቴ ጠርጌ አሸሁት። የቀንበር ጠፍር በሞራ ሳለሰልስ ያረጀሁ ገበሬ ነኝ፤ ሞራን ከዘይት ዓይኔን ጨፍኜም እለያለሁ።

«የበሬ ነው» አልኋት።

«አጥንት ነው የሚቀቅሉት። ብነግርዎ ይገቡ ነበር?» አለች።

«አልገባም።»

«እኮ! አንድ ቀን እንኳ እኔ የምወደውን አብረን እንድንበላ ብዬ ነው።»

የምትወደው ከሆነ ረቡዕና ዓርብም እንደማትተወው ያን ጊዜ ገባኝ። በሰሙነ ሕማማት ሲነበብ የምሰማው፣ ከጌታው ጋር በአንድ ወጭት እጁን ያጠለቀው ሰው ትዝ አለኝ። «አንቺም እንደሱ ነሽ» ብዬ ፊት ለፊት ሰደብኋት። አለቀሰች። በማግስቱ ሳልመርቃት ወደ ጋይንት ተሳፈርሁ።

አገሬ እንደገባሁ ነፍስ አባቴ ዘንድ ሄጄ «ልጄ አታልላ ጾም አስገደፈችኝ» አልኋቸው። ነገሩን ሁሉ አዳመጡኝ።

«መጀመሪያ ያጎረሰችህ እሷ ናት?»

«አዎ አባቴ።»

«ያኔ አላወቅኸውም?»

ፊደልን ያለ የኔታ፣ በሬ ፈትቼ በማርፍበት ሰዓት ብቻዬን የለየሁ ሰው ነኝ። ያወቅሁትን አላውቅም ማለት ነውር ነው እያልሁ ነው ልጆቼን ያሳደግሁ። ምላሴ ደግሞ ከመጀመሪያው ጉርሻ ሥጋ መሆኑን ነግሮኝ ነበር። «ጾም ነው» ባለችው ቃሏ ተከልዬ ነው የበላሁት።

«አውቄ ነበር» አልሁ።

«ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ አጠቀስህ?»

«እስኪያልቅ።»

ቀኖናዬን ተቀብዬ ስወጣ ለልጄ ደወልሁ። የእሷን ውሸት ይቅር አላልኋትም፤ የራሴን ግን ነገርኋት።



«ሁለተኛውን ሲያጠቅሱ ፊትዎን አይቼ ነበር፣ አባዬ» አለችኝ።

ማወቄን እያወቀች ነው እንግዲህ ያን ሁሉ ስድቤን ታግሣ ያለቀሰችው።