ለገበር የሆነው የእናቴ ጨርቅ

ሰባተኛ ክፍል ልገባ ስል ከጅዳ በሰው እጅ አንድ ጥቅል ሰማያዊ ጨርቅ መጣልኝ። የላከችው እዚያ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው እናቴ ናት። ለዩኒፎርም እንዲሆነኝ ራሷ መርጣ የገዛችው ነው፤ አሰፍታችሁላት ፎቶዋን ላኩልኝ ብላለች። ጨርቁ የእናቴን ሽቶ ይሸት ነበር። ፊቴን ቀብሬበት ብዙ ቆየሁ።

መካነ ሰላም የማድገው ልብስ ሰፊ ከሆነችው አክስቴ ከሰዓዳ ጋር ነበር። አክስቴ ደግሞ በጨርቅ ጉዳይ ዘመድ አታውቅም። በጡጫዋ ጨምድዳ ለቀቀችው። ወደ ፀሐይ ዘርግታ አሻግራ አየችበት። በጥፍሯ ጫር ስታደርገው ክሩ ተመዘዘ።

«ወላሂ ያምራል» አለች። «ግን የክፍል ወንበር በሳምንት ይጨርሰዋል። የኛንም ብርድ አይችል።»

ከገበያ ወፍራም ካኪ ገዝታ እንደምትሰፋልኝ ስትነግረኝ አኮረፍኩ። እራትም አልበላሁ። ለእናቴ ምን ሊባል ነው? ደግሞ ለኔ ጨርቅ ብቻ አልነበረም፤ ናፍቃኝ ነበር፣ የነካችውን ነገር ለብሼ ትምህርት ቤት መግባት እፈልግ ነበር። አክስቴ ኩርፊያዬን ከቁብ ሳትቆጥር የስፌት መኪናዋን ስትረግጥ ሰነበተች።

የዩኒፎርሜ ኮት አልቆ ስታለብሰኝ ፊቴን እንዳጠቆርኩ እጄን ሰደድኩ። ውጪው ሻካራ ነው፤ ውስጡ ግን ክንዴ ላይ ሸርተት አለ። የእናቴን ጨርቅ ገበር አድርጋዋለች።

«ለውጪ አይሆንም አልኩ እንጂ ጭራሽ አይሆንም መች አልኩ?» አለችኝ። «ገበር እንዲህ ልስልስ ያለ ነው የሚወደው።»

ፎቶውን የተነሣሁት ኮቴን በሁለት እጄ ገልጬ፣ ገበሩን እያሳየሁ ነው። እናቴ በስልክ ከት ብላ ሳቀች። ከሄደች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር። ኮቱንም እስኪያጥረኝ ድረስ ለበስኩት።

አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ እናቴ ጠቅልላ አገሯ ገብታለች። የጅዳን ሙቀት የለመደ ገላዋ ግን የኛን ብርድ እንቢ ብሎታል። እኔም አቀስታ ከተማ ገበያ ሄጄ፣ የበግ ጠጉር ባናዎችን እያገላበጥኩ፣ እያሸሁ፣ ወደ ፀሐይ እየዘረጋሁ ጠበቅ ብሎ የተሠራውን መረጥኩላት። ያኔ እሷ የገዛችልኝ ይሁነኝ አይሁነኝ የምታውቀው ፎቶ ጠብቃ ነበር። እኔ ባናውን ትከሻዋ ላይ ደርቤላት፣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ «እማ፣ ሞቀሽ?» አልኳት።