የጋሽ ይማም የሐዘን ፈቃድ

ባለፈው ወር ሸዋ ሮቢት ላይ ለአሠሪዎች ሥልጠና እንድሰጥ ተጠርቼ ነበር። ርዕሱ የሠራተኛ አስተዳደርና ጥቅማ ጥቅም ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ የኖርኩበት እንጀራዬ። ከምሳ በኋላ የቆላው ሙቀት ሠልጣኙን ሁሉ ሲያንጎላጀው አንድ ወጣት የሰው ኃይል ኃላፊ እጁን አወጣ። «የሐዘን ፈቃድ የሚያጭበረብሩትን እንዴት እንቆጣጠራቸው? እኛ ጋ አያቱ ሦስቴ የሞተችበት ሠራተኛ አለ» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔም ልስቅ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሳቁ ግን አልመጣ አለኝ።

እኔም እንደዚያ ልጅ ነበርኩ። ከደብረ ብርሃን ብርድ ወርጄ ከዚሁ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የመስኖ እርሻ በሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ስቀጠር ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። የመጀመሪያውን ወር በላብና በወባ ፍርሃት፣ ሁለተኛውን ፋይል በማስተካከል አሳለፍኩ። የእያንዳንዱን ሠራተኛ አባት፣ እናት፣ ሚስትና ልጆች በመስመር በመስመሩ ሞላሁ። ቀጥዬም «ያለ ማስረጃ የቀረ ሠራተኛ ከሥራ ይሰናበታል» የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ ለጠፍኩ። ሕጉ እንደዚያ አይልም፤ ያልኩት እኔ ነኝ። አለቃዬ ጎበዝ አለኝ፤ እኔም ደስ አለኝ።

ጋሽ ይማም የመስኖውን ቦይ የሚከፍቱና የሚዘጉ፣ ሃምሳ ያለፋቸው ሰው ነበሩ። ስድስት ልጆች አሏቸው። ማሽላው ሲደርስ ጥንቅሽ እየቆረጡ ያመጡልኝ ነበር። የደጋ ልጅ ስለሆንኩ ልጣጩ ከንፈሬን እንዳይቆርጠኝ ራሳቸው በቢላዋ ልጠው፣ «እንቺ ልጄ፣ ምጠጪው» ይሉኛል። እናቴ ሩቅ ነበረችና ያቺ «ልጄ» የምትል ቃል ቀኑን ሙሉ ታበረታኝ ነበር።

አንድ የጥቅምት ጠዋት እስከ ጉልበታቸው ጭቃ እንደሆኑ ቢሮ ገቡ። ደፍረው ወደ ውስጥ የሚገቡ ሰው አልነበሩም፤ ሁልጊዜ ከደጃፍ ነበር የሚያናግሩኝ።

«ልጄ፣ እናቴ ሞታለች ብለው ልከውብኛል። ልሂድ» አሉ።

«አላህ ይዘንላቸው» እንኳ ሳልል ተነስቼ ፋይላቸውን አወጣሁ። በእናት መስመር ላይ በራሴ እጅ «በሕይወት የለችም» ብዬ ጽፌያለሁ።

«ጋሽ ይማም፣ እናትዎ የሞቱት እርስዎ ሲወለዱ ነው። ያስመዘገቡት እርስዎ ነዎት።»

«እሷ የወለደችኝ ናት። ይቺ ጡቷን አጥብታ ያሳደገችኝ ናት። እናቴ ናት።»

«እንግዲያው ከቀበሌዎ ማስረጃ ያምጡልኝ።»

«ወረቀቱን ነገ ባመጣልሽስ፣ ልጄ? ዛሬ ነው እኮ የምትቀበረው።»

«መጀመሪያ ማስረጃ፣ ከዚያ ፈቃድ» አልኩ።

ድምፄ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ቁጣ አልነበረበትም፤ ትሕትና ነበረበት። የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው። በእኛ አገር ልጅ ሳይደርስ ቀብር አይፈጸምም፤ እውነት ከሆነ ይጠብቋቸዋል ብዬ ነበር። እሳቸው በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ትንሽ ቆመው አዩትና ወጡ።

እናታቸው የሞቱት ቀወት ገጠር ውስጥ፣ ከእርሻው በእግር ሁለት ሰዓት በምታስኬድ መንደር ነበር። የእሳቸው ቀበሌ ግን በተቃራኒው፣ በጀውሃ በኩል ነው። አስፋልቱ ዳር ቆመው አይሱዙ ለምነው ወደዚያ ሄዱ። እኔ ያን ቀን ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ። ለባልደረባዬም «እናቱ ሁለቴ የሞተችበት ሰው ያዝኩ» ብዬ ነገርኩት፤ አብረን ሳቅን።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ይማም መጥተው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ማኅተሙ ጥርት ብሎ ይታያል። «የጡት እናታቸው መሆናቸውን እናረጋግጣለን» ይላል።

«ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ነበር። እስኪወጣ ጠበቅሁ» አሉ።

«ቀብሩስ?»

«የአስር ሶላት እስኪሰገድ ጠብቀውኝ ነበር። ጀናዛ በቀኑ ነው የሚቀበር፤ ከዚያ በላይ ምን ይቆያል? ስደርስ ሰዉ ሲመለስ መንገድ ላይ አገኘሁት።» ከዚያ ወለሉን እያዩ፣ «ከኔ ሌላ ወንድ ልጅ አልቀረላትም። እኛ ዘንድ ሴትን መቃብር የሚያወርዳት የቅርብ ዘመዷ ነው። ያጠባችው ልጅ ደግሞ እንደ ወለደችው ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ የምቀበላት እኔ ነበርኩ። ጎረቤት ተቀበላት» አሉ።

የፈቃድ ቅጹን ከመሳቢያ ጎተትኩና፣ «አሁኑኑ ሦስት ቀን ልጻፍልዎት፣ ፋይሉንም ላስተካክል፣ በእናት መስመር የእሳቸውን ስም ላስገባ» እያልኩ ቀባጠርኩ።

«ይተዉት» አሉኝ። «በሕይወት የለችም አይደል የሚለው? አሁን ልክ ሆኖልዎታል።»

አሽሙር አልነበረም። ጋሽ ይማም አሽሙር አያውቁም። እንደዚያው ተናግረው፣ ውሃው ማሳ እያጥለቀለቀ ስለነበር ቸኩለው ወደ ቦያቸው ሄዱ። ከወጡ በኋላ ነው አንቱ እንዳሉኝ የገባኝ። እዚያ እርሻ ሌላ ሁለት ዓመት ሠራሁ፤ በየጠዋቱ ሰላም ይሉኝ ነበር፣ በአክብሮት። ልጄ ግን ብለውኝ አያውቁም። ይቅርታ ልጠይቃቸው ብዬ ስንት ቀን ቦዩ ድረስ ወርጄ፣ «ዛሬ ውሃው እንዴት ነው?» ብዬ ተመልሻለሁ። «ደህና ነው» ይሉኛል። ዛሬ በሕይወት የሉም።

አዳራሹ መልስ እየጠበቀ ነበር። «ሞተብኝ ያለ ሰው መጀመሪያ ይሂድ። ወረቀቱን ሲመለስ ያምጣ» አልኩ።

«ቢዋሽስ?» አለ ወጣቱ።

«ይዋሽ!» አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል፤ ሰዉ ተያየ። ለምን እንደተቆጣሁ አልነገርኳቸውም፤ ሐፍረቱ ዛሬም አልለቀቀኝም።

አምና እናቴ ስታርፍ ሥራ ላይ ነበርኩ። አለቃዬን «እናቴ…» ብዬ ሳልጨርስ፣ «ሂጂ፣ ሂጂ፣ መኪና ይውሰድሽ» አለኝ። ማስረጃ የጠየቀኝ የለም። ደረስኩ፤ ፊቷን አየሁ፤ አፈር እጄ ላይ ይዤ ቆምኩ። ዘመዶቼ አለቃቀሴን አይተው እናቷን እንዴት ብትወዳት ነው አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እወዳት ነበር። ግን እንደዚያ ያለቀስኩት፣ እንደ እኔ በእናቱ መቃብር ዳር መቆም የነበረበትን ሰው አንድ ቀን በጨዋ ደንብ መልሼው ስለነበር ነው።