ሳይገባ የቀረ ጃንጥላ

ሐይቅ ዳር ብቻውን የተቀመጠ ሰው አእምሮው ያርፋል ይባላል። አያርፍም። ጣና ዳር ሦስት ቀን ብቻዬን ተቀምጬ አይቼዋለሁ። ሰው በሌለበት የሚያርፈው ምላስ ብቻ ነው፤ አእምሮማ የሚያቋርጠው ሲያጣ ያለ ከልካይ ይፈነጫል። ስለ ብቸኝነት በረከት የተጻፉ መጻሕፍት ብዙ አንብቤያለሁ። አብዛኞቹ ጸሐፊዎች ስንቅ የሚቋጥርላቸው ሰው እንደነበራቸው የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው።

እኔም አለችኝ። እናታችን ስትሞት የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት። እሷ ሞጣ ትኖራለች፣ እኔ ቢቸና አስተምራለሁ፣ አልፎ አልፎም መጣጥፍ እጽፋለሁ። አላገባሁም። አምሳ ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም፤ እሷ ግን ዛሬም በመጣ ሚኒባስ ሁሉ በሶና ዳቦ ቆሎ ትልክልኛለች፤ ስትደውልም ከሰላምታ በፊት የምትጠይቀኝ “በላህ?” ብላ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ገና እንደ ልብ በሚኬድበት ጊዜ፣ የመንፈቀ ዓመቱን ፈተና አርሜ ስጨርስ ባሕር ዳር ሄጄ ብቻዬን ላርፍ ወሰንኩ። ይህን በእኛ ዘንድ ደፍሮ የሚናገር የለም። ባሕር ዳር የሚኬደው ለሕክምና፣ ለሠርግ፣ ለጉዳይ ወይም ለስልጠና ነው። “ብቻዬን ልዝናና” ያለ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ተጣልቷል፣ ወይ የሰው ሚስት ይዟል። ስለዚህ ለእህቴ ደወልኩና “ስልጠና አለብኝ” አልኳት።

“ስንት ቀን ነው?”

“ሦስት ቀን።”

“ጎሽ! እንግዲያው ጃንጥላዬን ታደርስልኛለህ።”

ጃንጥላው የስለት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሆዴን ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ፣ ለቀናት ራሴን ስቼ ነበር። ያኔ እህቴ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆማ “ወንድሜን ብትመልስልኝ ጃንጥላ አገባልሃለሁ” ብላ ለመልአኩ ተሳለች። የተሳለችው ደግሞ ጣና ደሴት ላይ ላለ፣ ሴት ለማይገባበት ገዳም ነው።

“እትዬ፣ አንቺ የማትገቢበትን ምን አስመረጠሽ?” ብላት፣

“ደጄ ላለውማ ማንም ይሳላል” አለችኝ።

ስለዚህ ስለቱን የሚያደርስ ወንድ ያስፈልጋት ነበር፤ ያላት ወንድ ደግሞ እኔ ነኝ። ሥራ በዛብኝ እያልኩ ዓመት አዘግይቻታለሁ። ስለት ሲዘገይ እንቅልፍ የሚነሳት ዓይነት ሰው ናት።

ሞጣ መናኸሪያ ስደርስ በአንሶላ የተጠቀለለውን ጃንጥላ እንደ ሕፃን ታቅፋ ጠበቀችኝ። አጠገቧ ጎረቤቷ ልብስ ሰፊው ሐጂ ቆመዋል። ቀዩን ከፋይና ወርቃማውን ዘርፍ የሰፉት እሳቸው ናቸው።

“ዘርፉን ደጋግሜ ነው የመታሁት” አሉኝ። “የጣና ነፋስ ወዳጅ የለውም። በውሃው ላይ ስትዘረጋው እንዴት እንደሚሆን አይተህ ትነግረኛለህ፤ መስጊድና ሱቅ ስመላለስ አርጅቼ ጀልባ እንኳ ሳልሳፈር ነው ያለሁት።”

“ሐጂ፣ ለእርስዎም ልሳለምልዎ?”

“ተሳለምልኝ እንጂ! መልአክ የናንተ ብቻ መሰለህ?”

ሚኒባሱ ውስጥ ጃንጥላው ቦታ አጥቶ ከእኔ ጭን እስከ ኋለኛው ወንበር ተጋደመ። “ጋሼ፣ ጠመንጃ ከሆነ አፉን ወደዚያ አዙርልኝ” አለች ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት፤ መኪናው በሳቅ ተሞላ። “ስለት ነው” ስል ሳቁ ቆመ። ሴትዮዋ አንሶላውን በሁለት እጇ ይዛ ሳመችው፤ ከዚያ ሌላዋ፤ ከዚያ ሾፌሩ ጭምር እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ነክቶ ተሳለመ። ለማረፍ ብዬ የወጣሁት ሰውዬ የአንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ጸሎት ተሸክሜ ባሕር ዳር ገባሁ።

ሆቴሉ ሐይቁ ዳር ነበር። ጃንጥላው ቁም ሳጥን ውስጥ አልገባ ስላለ ከአልጋዬ ራስጌ አቆምኩት፤ እዚያው እንደ ዘበኛ ቆመ። ውበቱን አልክድም። ጠዋት ውሃው ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ጸጥ ይላል፤ ሻላዎቹ እንደ ጡረተኛ ሹማምንት አገጫቸውን አንጠልጥለው ይንሳፈፋሉ፤ ደንገል የጫነ ታንኳ ድምፅ ሳያሰማ ያልፋል። ሐይቁን የወረረው አረም፣ እምቦጩም ሳይቀር ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ መስክ ነው፤ ብዙ ክፉ ነገር ከሩቅ ሲያዩት እንደዚያ ነው። ዋርካ ሥር ተቀምጬ የቆረሶ ዓሣ ጥብስ በላሁ፤ መጽሐፍ ገልጬ አንድ ገጽ አራት ጊዜ አነበብኩ። “ዛሬ ደክሞኛል፣ ነገ አደርሰዋለሁ” አልኩ። በማግስቱም ያንኑ አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጃንጥላውን ይዤ ወደ ጀልባ ማቆሚያው ወረድኩ። አንድ ጀልባ ሊነሳ ነበር፤ ከደብረ ኤልያስ የመጡ የማኅበር ሰዎች ሞልተውበታል፤ ከበሮ ይዘው ገና ከመሬት ሳይለቁ መዝሙር ጀምረዋል። የማኅበሩ መሪ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ አንሶላውን ሲያዩ ምን እንደያዝኩ ወዲያው ገባቸው።

“ና ግባ ወንድሜ! አንድ ቦታ አለችን። ለዚያው ለደሴቱ አይደል?”

“ለዚያው ነው አባቴ። ግን… እኔ በኋላ በሌላ ጀልባ እሄዳለሁ።”

“ለምን?”

ለምን ይባላል? “ከበሯችሁ ሐሳቤን ይረብሻል፣ እኔ ብቸኝነት ፍለጋ ነው የመጣሁት” ይባላል? “ሰው እየጠበቅኩ ነው” አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም፤ የምጠብቀው ሰው በዓለም ላይ አልነበረም።

ሽማግሌው “እንግዲያው ስለቱን ስጠን፣ እኛ እናግባልህ። ሰው ብትጠብቅ መልአኩ አይጠብቅም” ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

እስካሁን የሚታየኝ ያ የተዘረጋ እጅ ነው። አብሬያቸው መሄድ የናቅኳቸውን ሰዎች ሸክሜን ማሸከም አሳፈረኝና “አይ፣ እኔው ራሴ ነኝ የማደርሰው” ብዬ ጃንጥላውን ወደ ደረቴ ሳብኩ። ጀልባዋ እየዘመረች ሄደች። ሌላ ባለ ጀልባ ለአንድ ሰው ብቻ ከሆነ ከምሳ በኋላ እንደሚወስደኝ ነገረኝ። ከምሳ በኋላ ነፋሱ ተነሣ፤ ሐይቁ ነጭ አረፋ እየተፋ ይላተም ጀመር። “ጌታው፣ ዛሬ ለጃንጥላም ለባለ ጃንጥላም አይሆንም” ብሎ ጀልባውን አሰረው። በማግስቱ ትምህርት ይጀመራል። በሌሊት ተነሥቼ ተመለስኩ።

በመንገድ ሁሉ እውነቱን እንዴት እንደምነግራት አረፍተ ነገር ሳሳምር ነበር። ሰው ነኝና ማሳመሩ ላይ አልሰንፍም። ጃንጥላው ከሚኒባሱ ጣሪያ ላይ፣ በማዳበሪያ ከረጢቶች መካከል ታስሯል። ሞጣ ስንደርስ እህቴና ሐጂ እዚያው ቦታ ቆመው ነበር፤ አራት ቀን ሙሉ ከዚያ ያልተነቃነቁ ይመስላሉ።

“አደረስክልኝ?”

እጆቼን አየች። ባዶ ናቸው። ያሳመርኩትን አረፍተ ነገር ልጀምር አፌን ስከፍት እልልታዋን ለቀቀችው። መናኸሪያው ዞሮ አየን።

“ዘርፉስ? ነፋሱ ላይ እንዴት ሆነ?” አሉ ሐጂ፣ እንደ ልጅ ዐይናቸው እያበራ።

“አማረ ሐጂ” አልኩ። “እንደ እሳት ነው የተንቦገቦገው።”

ውሸቱ ሲወጣ ጌጥ ጨምሮ ወጣ። ሰባት ቃል የማይሞላ ክህደት ነበር። ከዚያ እህቴ በእጄ የያዝኩትን ላስቲክ ጠርሙስ አየች። ሐይቁ ዳር ሥራ ፈትቼ ስቀመጥ ልጣፉን በጥፍሬ ልጬው ነበር፤ ግማሹ ውሃ ቀርቷል። ከሱቅ የተገዛ ውሃ።

“ጸበል አምጥተህልኛል!” ብላ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፤ ጠርሙሱን ሳመችው፤ ክዳኑን ከፍታ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገችና ሁለት ዐይኗን አበሰች። ዐይኗ በዚያ ጊዜ መድከም ጀምሮ ነበር።

ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። ተሳፈርኩ።

እስካሁን ይህ የአንድ ፈሪ ሰው ታሪክ ነው፤ ፈሪነት ደግሞ በእኛ ዕድሜ ላይ ላለ ሰው ብርቅ አይደለም። ቢቸና ቤቴ ጥግ ጃንጥላው ቆመ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር አቧራውን አራግፍለታለሁ። በግጭቱ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ሲዘጋ ሲከፈት ጊዜው ነጎደ። መንገዱ በተዘጋ ጊዜ ሁሉ በልቤ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሰበብ ይሆነኛላ። ሌላው ሰው የታመመበትን ሐኪም ቤት ማድረስ ሲያቅተው፣ እኔ በዚያው መንገድ መዘጋት ተጠለልኩ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

በቀደም ሐጂ ደወሉልኝ።

“መምህር፣ እህትህ ግድግዳ እየዳሰሰች ነው የምትሄደው። የዐይን ሐኪሞች መጥተው ነበር፤ ‘ሞራ ነው፣ ይገፈፋል፣ ብትቆዪ ግን ይከፋል’ ብለዋት አሻፈረኝ አለች። ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይመጣሉ። እኔን አልሰማ አለች፤ አንተን ትሰማለች።”

ደወልኩላት።

“እትዬ፣ ለምን አትታከሚም?”

“በላህ?”

“በልቻለሁ። ዐይንሽን ለምን አትታከሚም?”

“ጸበሌን ይዤ? በየቀኑ ውሃ እየጨመርኩበት ይኸው እስካሁን አላለቀም። አንተ ውሃ አቋርጠህ ያመጣህልኝን ትቼ ቢላ ሥር ብተኛ መልአኩ አይታዘበኝም? ስለቴን ተቀብሎኛል እኮ! ቀስ ብሎ ያበራልኛል።”

ስልኩን እንደያዝኩ ጥግ ላይ የቆመውን ጃንጥላ አየሁት። ስለ እውነት የጻፍኳቸው መጣጥፎች እልፍ ናቸው፤ በዚያች ደቂቃ አንድ ቃል አላዋሱኝም።

አሁን መንገዱ ተከፍቷል ይላሉ። ቅዳሜ ጃንጥላውን ይዤ ሞጣ እወርዳለሁ። ዐይኗ ቢደክምም እጇ ያውቀዋል፤ ከፋዩን ስትዳስስ ቀሪውን ሳልነግራት ትረዳዋለች፤ ከዚያ ትምታኝ፣ ትርገመኝ፣ ብቻ ጠርሙሱን ደፍታ ሐኪሞቹ ዘንድ ትሂድ። እቅዱ ይህ ነው። ግን ራሴን አውቀዋለሁ። መናኸሪያው ላይ ስቆም አንድ ብልህ ሐሳብ ይመጣልኛል፦ “ለምን መጀመሪያ ባሕር ዳር ደርሼ ስለቱን አላገባም? ያኔ ውሸቴ እውነት ይሆናል፤ እሷም ምንም ሳታውቅ ይቀራል።” ሐሳቡ ያምራል። እኔ የማመጣቸው ሐሳቦች ሁሉ ያምራሉ። እሷ ግን ግድግዳ እየዳሰሰች ትቀራለች።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ቅዳሜ ሞጣ መናኸሪያ ከዋልክ፣ በአንሶላ የተጠቀለለ ጃንጥላ የያዘ ሽበታም ሰው የባሕር ዳር መኪና ላይ ሲሳፈር ካየህ፣ አውርደኝ።