ጥለቱ ወደ ላይ

ይህ የሆነው ዓምና ከፋሲካ በኋላ ነው። ዛሬም ነጠላ የለበሱ እናት ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ብቻዬን ብሆን እንኳ አንገቴን እደፋለሁ።

ቢቸና ውስጥ ፎቶ ቤት አለኝ። የምታወቀው በሠርግና በምርቃት ፎቶ ነው። አዲስ አበባ ላይ ስለ ቤተሰብ ፍቅርና ችግር የፎቶ ዐውደ ርእይ እንደሚዘጋጅ ስሰማ ግን እኔም ከትልልቆቹ ልቆጠር አማረኝ። ጓደኛዬ ሞጣ አጠገብ የሚኖሩ ባልና ሚስት ጠቆመኝ። አባባ ምናለ እግራቸው አልታዘዝ ካለ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሚስታቸው እማማ ደብሬ በየጠዋቱ አዝለው ፀሐይ ያወጧቸዋል።

ሁለት ቀን አብሬያቸው ዋልኩ። ችግሩ አባባ ቀልደኛ ናቸው። ካሜራውን ባነሳሁ ቁጥር አንድ ነገር ጣል ያደርጋሉ፤ እማማ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ይስቃሉ። እኔ ደግሞ የመጣሁት ለሳቅ አልነበረም። "አባባ፣ እስቲ ውስጥ ገብተው ትንሽ ይረፉ" ብዬ ደግፈን አስገባናቸው።

እማማ በሩ ላይ ብቻቸውን ሲቀመጡም ፎቶው እንደምፈልገው የሚያሳዝን አልሆነልኝም።

"እማማ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው ይልበሱት፤ ፊትዎን ያደምቀዋል" አልኳቸው።

"ምነው ልጄ? እንዲያ የሚለበስ ለኀዘን አይደል? ባሌ እያለ!"

ጎጃም ተወልጄ አድጌ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። የፈለግሁት እሱኑ ነበር። "ለፎቶ ብቻ ነው" አልኩ።

አባባ ከውስጥ "እሺ በይው እንጂ፣ እንግዳ ይቀየማል" አሉ። እማማ አማትበው ነጠላቸውን ዘቀዘቁ።

ፎቶው ለዐውደ ርእዩ ተመረጠ። ፌስቡክ ላይም "ብቻዋን" ብዬ ለቀቅሁት። ሰው ተቀባበለው፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

በሳምንቱ ፎቶውን አሳጥቤ፣ ፍሬም አስገብቼ ልሰጣቸው ሄድኩ። ደጃፉ በሰው ተሞልቷል። አባባ አረፉ ብዬ ሰዉን እየገፋሁ አለፍኩ። ስገባ ግን መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸው ሥር ፀጉሩን የተላጨ ወጣት ተደፍቶ ይንሰቀሰቃል።

አዲስ አበባ የቀን ሥራ የሚሠራው ልጃቸው ይኸነው ነው። ፎቶውን አይቶ ለጎረቤት ቢደውል ስልኩ አልሠራ ይለዋል። እናቱ ነጠላ ዘቅዝቀዋል፣ አባቱ የሉም፣ ጽሑፉም "ብቻዋን" ይላል። ሌላ ምን ያስብ? ተላጭቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ "አባቴን! አባቴን!" እያለ ሲገባ ነው ጎረቤቱ የተሰበሰበው።

አባባ እንደ ልማዳቸው "የራሴን ለቅሶ በጆሮዬ ሰማሁ። ልጄ ደህና አድርጎ ነው ያለቀሰልኝ" አሉ። ሰው ሳቀ። ከዚያ ፍሬሙን ከእጄ ተቀብለው አገላብጠው አዩና "እኔስ የታለሁ?" አሉኝ።

ሳቁ ቆመ። ይኸነው ቀና ብሎ አየኝ። በጥፊ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

እማማ ደብሬ ቀስ ብለው "ልጄ፣ እናት አለችህ?" አሉኝ።

"አለች፣ እማማ።"

"አባትህስ?"

"አሉ።"

"እንግዲያው እሷንም እንደዚያ አልብሰህ አንሳታ።"

ፎቶውን ከዐውደ ርእዩ አስወጣሁ፤ ከፌስቡክም አጠፋሁት። ሰው የተቀባበለው ግን አሁንም ይዞራል። ሁለቱ ሲስቁ ላነሳቸው የምችልባቸው ሁለት ሙሉ ቀናት ነበሩኝ፤ አንድም አላነሳሁም። እሑድ እሑድ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ በር ላይ ቆማ ነጠላዋን ስታስተካክል አያታለሁ። ካሜራውን ማንሳት ግን እስከ ዛሬ አልቻልኩም።