የተሰበረው የድንጋይ ደወል

አባቴ ዳባት አጠገብ ባለች ትንሽ ደብር የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው። እኔ ጎንደር ከተማ ጂኦሎጂ አስተምራለሁ። ስለ ሥራዬ ሰው ሲጠይቃቸው «ስለ ድንጋይ ታስተምራለች» ይሉና ጠያቂውን ትክ ብለው ያዩታል። ከሳቀ ይቆጣሉ።

የደብራችን ደወል ከወይራ ቅርንጫፍ ላይ በጠፍር የተንጠለጠለ ረዥም ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር። በሌላ ድንጋይ ሲመቱት እንደ ብረት ይጮሃል። ማን እንዳመጣው፣ ከየት እንዳመጣው የሚያውቅ የለም። ያደግሁት በእሱ ድምፅ እየነቃሁ ነው። ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ፣ ትምህርት በተከፈተ ሰሞን፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለና ቅርንጫፉ ተገነጠለ። ደወሉም ከሥሩ ካለው አለት ላይ ወድቆ ተሰባበረ።

አባቴ ስልክ ደወሉልኝ። ሳነሳው «እግዚአብሔር ያጽናን» አሉ። ሰው የሞተ መስሎኝ ደነገጥሁ።

«ደወላችን ተሰበረ» አሉኝ ቀጥለው።

የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት ገበዝ ነገሩን በዚያው ሳምንት ፈትተውት ነበር። ከደባርቅ የጭነት መኪና ቸርኬ አስመጥተው ሌላኛው ቅርንጫፍ ላይ ሰቀሉ። ችግሩ፣ የሰፈሩ ትምህርት ቤትም የሚደውለው በቸርኬ ነው። የመጀመሪያው እሑድ ቸርኬው ሲመታ ሁለት ሕፃናት የደብተር ቦርሳቸውን አንግበው ከቤት ወጡ። አባቴ እንደገና ደውለው ይህን ሲነግሩኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ወደ ቅዳሴ ሳይሆን ወደ ክፍል የምገባ እየመሰለኝ ተቸገርሁ። ድንጋዩ ምን ዓይነት እንደሆነ ብታውቂልን፣ ፈልገን መሰሉን ባመጣን» አሉኝ።

በማግስቱ ስባሪውን በነጠላ ጠቅልለው በሚኒባስ መጡ። ከዳባት ጎንደር ድረስ ከጭናቸው አላወረዱትም። ኮሶዬ ላይ መኪናው ቆሞ ሰው ሁሉ ወርዶ እግሩን ሲያፍታታ እንኳ፣ እሳቸው እንዳቀፉት ተቀምጠው ቀሩ።

ቤተ ሙከራ ወስጄ «መቁረጥ አለብኝ» ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«መቼም አንዴ ተሰብሯል» አሉ። «ቢሆንም ትንሽ ብቻ ቁረጭ።»

መጋዙ ውኃ እየፈሰሰበት ሲዞር በሩ አጠገብ ቆመው ያያሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልዩ ነበር። ቀጭኑን ቁራጭ መስታወት ላይ ለጥፌ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ፈጨሁት። ለኬሚካል ምርመራም ጥቂቱን አድቅቄ ሰጠሁ። ውጤቱ እስኪደርስ እኔ ቤት ሰነበቱ። በየጠዋቱ ዳዊታቸውን ደግመው ሲጨርሱ «እህ፣ ድንጋዩ ምን አለ?» ይሉኛል።

ማይክሮስኮፑ ዘንድ ስወስዳቸው መጀመሪያ ያሳየኋቸው ደወሉን አልነበረም። ለማነጻጸር እንዲመች የቤታችን ግድግዳ የተሠራበትን ዓይነት ተራ ጥቁር ድንጋይ፣ እንዲሁ አሳስቼ፣ አስቀመጥሁላቸው። ባዛልት ነው። የሰሜን ተራሮች አብዛኛው ክፍል ከእሱ የተሠራ ነው፤ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት እየደጋገመ ፈስሶ የረጋ ቅልጥ አለት። አባቴ መነጽራቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ።

«እመ ብርሃን! ይህ ሁሉ ቀለም ከዚያ ጥቁር ድንጋይ ነው የወጣ?»

«አዎ አባዬ። ያ ደማቁ ኦሊቪን የሚባል ማዕድን ነው፤ ብረትና ማግኒዥየም ይበዛበታል። ነጭና ግራጫ ሆኖ የሚታይዎት ደግሞ ፌልድስፓር ነው።»

«ፌልደ ስጳር» አሉ፣ እንደ ግእዝ ቃል እያጠበቁ። ላርማቸው አልፈለግሁም።

ቀጥዬ የደወሉን አስቀመጥሁ። እዚህ ኦሊቪን የለም። ፓይሮክሲን የሚባል አረንጓዴ ማዕድን እዚህም እዚያም ጣል ጣል ብሏል እንጂ የቀረው ከሞላ ጎደል ፌልድስፓር ነው፤ እንደ መርፌ የቀጠነ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የተኛ። አባቴ ዓይናቸውን ሳያነሡ ብዙ ቆዩ።

«ማኅሌት ነው» አሉ።

«እንዴት?»

«መዘምራኑ መቋሚያቸውን ይዘው ሲያሸበሽቡ አላየሽም? አንዱም ከሰልፉ አልወጣ።»

መርፌዎቹን ያሰለፋቸው ቅልጡ ሲፈስ እየገፋቸው እንደሆነ ነገርኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና እንደገና ጎንበስ አሉ።

የኬሚካሉ ውጤት ሲመጣ ከጠረጠርሁት ጋር ገጠመ። የአሸዋና የመስታወት ዋና ንጥረ ነገር የሆነው ሲሊካ ከባዛልቱ በጣም ይበልጣል፤ ሶዲየሙና ፖታሲየሙም ከፍ ያለ ነው። ብረት፣ ማግኒዥየምና ካልሲየም ግን ጥቂት ነው ያለው። ትራካይት የሚባለው አለት ነበር።

«ሶዲየም ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ጨው ውስጥ ያለው ነው» ከማለቴ ስባሪውን አንሥተው ምላሳቸውን አስነኩት። ጥቂት አሰቡ።

«ጨው ጨው አይልም።»

«ከሲሊካው ጋር ተቆራኝቷል አባዬ። አይሟሟም።»

«አንቺ ልጅ፣ ሳልልሰው አትነግሪኝም ኖሯል?» ብለው ሳቁ። ደወሉ ከተሰበረ ወዲህ ሲስቁ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ ግን አንድ ነገር አልገባቸውም። ከአንድ ተራራ እሳት እንዴት ሁለት ዓይነት ድንጋይ ይወጣል? ቅቤ ሲነጠር ዝቃጩ ከሥር እንደሚቀር አስታወስኋቸው። ቅልጡ ከመሬት በታች ሲቆይ ኦሊቪኑ ቀድሞ ይረጋል፤ ከባድ ስለሆነም ብረቱንና ማግኒዥየሙን ይዞ ወደ ታች ይዘቅጣል። ከላይ የሚቀረው ቅልጥ ሌላ ነገር ይሆናል።

«እንግዲያ ደወላችን ተነጥሮ ከላይ የቀረው ነው?»

«አዎ።»

ደስ አላቸው። ለሦስት ሰው ስልክ ደውለው ይህንኑ ነገሩ።

ትራካይት በእኛ አካባቢ እንደ ባዛልት በየሜዳው አይገኝም። ተማሪዎች ይዤ ስመላለስ ግን ከዳባት ወደ ደባርቅ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ አንድ ነጣ ያለ ገደል አይቼ ነበር። ኅዳር ላይ፣ ገብስ ሲታጨድ፣ አባቴን፣ ገበዙንና የሰፈራችንን ጎረምሶች ይዤ ሄድሁ። የመሬቱ ባለቤት «እርሻዬን ያጠበበብኝ ድንጋይ ነው፤ ከቻላችሁ ገደሉንም ውሰዱት» አለን።

ገበዙ መንገዱን ሙሉ አኩርፈው ነበር። «ድንጋይ ድንጋይ ነው። ቸርኬው ምን አደረጋችሁ?» ይላሉ በየመሀሉ።

ተማምኜ የመረጥሁትን የመጀመሪያውን ጠፍጣፋ በመዶሻዬ ስመታው እህል እንደሞላው ጆንያ ዱብ አለ። ሁለተኛውም እንደዚያው። የአለቱ ዓይነት ትክክል ነው፤ ውርጩና ፀሐዩ ግን ከውስጥ ሰነጣጥቆታል። ገበዙ ወደ ሰማይ ያያሉ። እኔ አፈርሁ።

«አይዞሽ» አሉኝ አባቴ። «ገና መጀመራችን ነው።»

ወደ ገደሉ ሥር ተጠግቼ በቅርቡ ተላቆ የወደቀ አንድ ድንጋይ አየሁ። እንደ ሳንቃ የሳሳ፣ ገጹን ገና ዝናብና ፀሐይ ያልበላው፣ ቀዳዳም ስንጥቅም የሌለው። ጎረምሶቹ ከሥሩ እንጨት አስገብተው ከመሬት አነሡት። መዶሻውን ለአባቴ ሰጠኋቸው።

«አንቺ ምቺው» አሉኝ።

«የለም፣ እርስዎ ይምቱት።»

መቱት። ድምፁ ረዥም ሆኖ ወጣ፤ ገደሉም መልሶ አስተጋባው። ከታች የሚያጭዱ ሰዎች ቀና አሉ፤ አንዲት ሴት ማጭዷን ጥላ አማተበች። ገበዙ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ይኸ ነው!» አሉ።

አባቴ ድንጋዩ ዝም እስኪል መዳፋቸውን ከላዩ አላነሡም። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እኔም አለቀስሁ። ይህን ያህል ዘመን አለት ስሰብር ስኖር ድንጋይ አስለቅሶኝ አያውቅም።

በቃሬዛ አድርገን ጋቢ አልብሰን ወረድን። የሚያገኘን መንገደኛ ሁሉ በሽተኛ የያዝን መስሎት «እግዜር ይማረው» ይለናል። ገበዙ ኩርፊያቸውን ረስተው ከፊት ከፊት እየሄዱ «አሜን፣ አሜን» ይላሉ። ጎረምሶቹ በሳቅ እየተንፈራፈሩ ቃሬዛውን ሊጥሉት ምንም አልቀራቸውም ነበር።

አሁን ግን የዛፍ ቅርንጫፍ ያመነ ሰው የለም። ሁለት የጥድ ምሰሶ ተተከለና ገበዙ ራሳቸው በአዲስ ጠፍር አንጠለጠሉት። የመጀመሪያው እሑድ ሲደወል ከሴቶቹ ጋር ቆሜ ሰማሁ። ከድሮው ድምፁ ወፈር ይላል። አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት «የፊተኛው ይጣፍጥ ነበር» አሉ፤ ጥቂት ቆይተው ደግሞ «ይለመዳል» አሉ።

ከቅዳሴ በኋላ የሰንበቴው ዳቦና ጠላ ቀርቦ ምእመናኑ ፀሐይ እየሞቁ ዳር ዳሩን ተቀመጡ። ከሌሊት ጀምረው የቆሙት አባቴ አጠገቤ ካለው መደብ ላይ አረፍ አሉ። ስለ ምን እንደምንነጋገር አላስታውስም፤ ብቻ መሀል ላይ ትከሻዬ ከበደኝ። ዞር ብዬ ሳይ ዳቦውን በእጃቸው እንደያዙ ትከሻዬን ተደግፈው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። እንዳይነቁብኝ ሰው ሁሉ እስኪበተን ከዚያ አልተነሣሁም።