በጎርፍ የጠፋ እርሻ

ኮልቾ መንደር ጫፍ ላይ ቆሜ ቁልቁል ኦሞን ሳይ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘኔታ ነበር... ነሐሴ ነው። ወንዙ ሞልቶ ዳርቻውን ግራና ቀኝ ውጦታል።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም። ኦሞ ለኤሌክትሪክ ቢገደብ ምን ጥቅም ይገኛል የሚለውን ከሚያጠና ቡድን ጋር ነበር የሄድኩት። የያዝኩት ቅጽ ላይ «በጎርፍ የጠፋ እርሻ» የሚል ዓምድ አለ።

አንድ የካሮ ሽማግሌ እርሻቸውን እንዲያሳዩኝ ጠየቅኩ። ጂንካ በዘበኝነት የሠራ ጎረቤታቸው ያስተረጉማል። ሽማግሌው በበትራቸው ወደ ውኃው አመለከቱ።

«ከዚያ ሾላ እስከ መታጠፊያው ድረስ የእኔ ነው። ከአባቴ ያገኘሁት ነው።»

«ሁሉም ውኃ ውስጥ ነው?»

«ሁሉም!» አሉ፣ ፈገግ ብለው።

ፈገግታውን ጽናት ነው ብዬ አለፍኩት። «ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል» ብዬ ጻፍኩ። ላጽናናቸው ብዬም «አይዞዎት አባባ፣ ግድቡ ሲሠራ ይህ ጎርፍ አይመጣም» አልኩ።

አስተርጓሚው አላስተረጎመውም።

«ንገራቸው እንጂ!»

ነገራቸው። ሽማግሌው ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ምን በደልንህ? ትናንት ፍየል አርደን አብልተንሃል።»

አስተርጓሚው ከራሱ ጨመረበት፦ «ጂንካ ዝናብ አለ። እዚህ ዝናባችን ይሄ ነው። ውኃው ሲሸሽ ጭቃው ላይ ማሽላ እንዘራለን። ካልሞላ አይዘራም። ካልተዘራ የሱ ልጆች ምን ይበላሉ? ተምረህ ይሄን አታውቅም?»

አላውቅም ነበር... የጻፍኩትን ሰረዝኩት። ከጎኑ በእጄ አዲስ ዓምድ አሰመርኩ፦ «በጎርፍ የሚለማ እርሻ»።

ጂንካ ስመለስ አለቃዬ ወረቀቱን አገላብጦ አየው።

«ጓድ፣ ቅጹ ላይ እንዲህ ያለ ዓምድ የለም።»

«እርሻው ግን አለ።»

«መስኖ ይቆፈርላቸዋል።»

«ማን ነው የሚቆፍረው? የት ተጽፏል?»

«አንተ ልጅ፣ አታድርቀኝ! የሰረዝከውም ቢሆን ይነበባል» ብሎ ወረቀቱን ወደ መኪና ጸሐፊዋ ገፋው።

ከወራት በኋላ ተተይቦ የመጣውን ሪፖርት አነበብኩ። ከሾላው እስከ መታጠፊያው ያለው መሬት «ግድቡ ከጎርፍ የሚያድነው እርሻ» በሚለው ሥር ገብቷል። ሽማግሌውም ከግድቡ ተጠቃሚዎች ተርታ ተቆጥረዋል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሐሰተኛ ሪፖርት አንብቤያለሁ... የመጀመሪያውን መስመር በእጄ የጻፍኩት ግን ለዚያ ብቻ ነው።